ከፍርድ እስከ ቅጣት፦ የማቅለያ ሐሳብ በምን ይዘጋጃል?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555ን አንብቡት። ሰው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው በጽኑ እስራት ከተቀጣ እስከ 15 ዓመት ሊደርስበት ይችላል ይላል። በቀላል እስራት ከተቀጣ ደግሞ ከ1 ዓመት የማያንስ። አንቀጹ አንድ ነው፤ አንዱ ተከሳሽ በዓመቱ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው ልጁን አድጎ ያገኘዋል። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው ጥፋተኛ መባሉ አይደለም፣ ሁለቱም ተብለዋል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፍርዱ በኋላ ቅጣቱን ለማቅለል በሚቀርበው ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡንም ጉልበቱንም ለክርክሩ ጨርሶ እዚያ ላይ ባዶ እጁን ይቆማል።

የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 አካሄዱን ያስቀምጣል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነው ካለ በኋላ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግን ይጠይቃል፦ ቅጣቱ ላይ የምትለው አለ? ቀጥሎ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፣ ስለ ፀባዩም ምስክር ማቅረብ ይችላል። በችሎት ቋንቋ «የቅጣት አስተያየት» የሚባለው ይህ ነው። አንዳንዱ ችሎት እዚያው በቁም ይጠይቃል። ሌላው በጽሑፍ አቅርቡ ብሎ አጭር ቀጠሮ ይሰጣል። የቱ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ፍርድ ይነበባል በተባለበት ቀን ሰነዱ በእጅ መገኘት አለበት። ካልደረሰ ደግሞ ዝም ከማለት «ማስረጃ የምናቀርብበት አጭር ቀጠሮ ይሰጠን» ማለት ይሻላል።

በነገራችን ላይ በዋስ ወጥቶ ሲከራከር የቆየ ሰው በዚያው ቀን ወደ ማረፊያ ቤት ሊሄድ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱንና የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የባንክ ጉዳይ ካለም ቀደም ብሎ ውክልና ይስጥ። ሰው ይህን እንደ ሟርት ያየዋል። አይደለም።

ዳኛው ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል?

ድሮ ይህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ችሎት 3 ዓመት፣ ሌላው 9 ዓመት ቢል የሚገርም አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠው። መመሪያ ቁጥር 1/2002 ወጣ፣ በኋላም በቁጥር 2/2006 ተሻሻለ።

መመሪያው የሚሠራው በደረጃና በእርከን ነው። መጀመሪያ ወንጀሉ ደረጃ ይወጣለታል፦ ጉዳቱ ምን ያህል ነው፣ አፈጻጸሙ እንዴት ነው፣ የተወሰደው ገንዘብ ስንት ነው። ደረጃው ሰንጠረዡ ላይ ወደ አንድ እርከን ይወስዳል። ያ እርከን መነሻ ይባላል። ከዚያ የማክበጃ ምክንያቶች ካሉ እርከኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻም የማቅለያ ምክንያቶች ወደ ታች ያወርዱታል። እያንዳንዱ እርከን ከዚህ እስከዚህ የሚል መጠን አለው፤ ዳኛው በዚያ ውስጥ የመሰለውን ይመርጣል። ይህችን ቦታ ሕግ አዋቂዎች «ፍቅድ ሥልጣን» ይሏታል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ዳኛው ቢያዝንላችሁ እንኳ ሐዘኑን የሚያስገባበት ሣጥን ያስፈልገዋል። «ምስኪን ነው» የሚል እርከን የለም። «አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 1 ሠ ተሟልቷል፣ ማስረጃውም ይኸው» ከተባለ ግን እርከኑ ይወርዳል። የማቅለያ ዝግጅት ማለት የሰውየውን ሕይወት በሕጉ ሣጥኖች ውስጥ ከነማስረጃው ማስቀመጥ ነው።

ሣጥኖቹ

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጠቅላላ የቅጣት ማቅለያዎችን ይዘረዝራል። በራሴ አባባል ላስቀምጣቸው። ቀድሞ መልካም ፀባይ የነበረው ሰው ባለማወቅ፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ ሲያጠፋ። በክብርና ለራስ ጥቅም ባልሆነ ምክንያት፣ ወይም በጠነከረ የሃይማኖት፣ የሞራል ወይም የዜግነት እምነት ተነሳስቶ ሲያደርገው። በከባድ ችግር ውስጥ ሆኖ፣ በዛቻ ፈርቶ፣ ወይም ሊታዘዘው በሚገባ ሰው ተጽዕኖ ሲሆን። ተበዳዩ ራሱ አስቆጥቶት፣ ሰድቦት ወይም ተንኩሶት በስሜት ሲነዳ። አምስተኛው ጸጸት ነው።

አብዛኛው ፋይል ላይ የሚሠራው አንደኛውና አምስተኛው ነው። አንደኛውን ብዙ ጊዜ «ሪከርድ የለበትም» በሚል አጭር ቃል ትሰሙታላችሁ። ዐቃቤ ሕግ የቀድሞ ጥፋት ማስረጃ ካላመጣ ጠበቃው ይህንኑ ይይዛል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የቀድሞ ቅጣት ከጥፋተኝነት ፍርድ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዳይነገር ይከለክላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ግን ይወጣል። ስለዚህ ሪከርድ ያለበት ሰው ለጠበቃው ቀድሞ ይንገረው። ጠበቃ «የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው» ብሎ ተናግሮ ዐቃቤ ሕግ የድሮ ውሳኔ ሲያወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ሁሉ ይጠረጠራል።

ጸጸቱ ላይ ግን እንቆይ፤ ቤተሰብ በገዛ እጁ ብዙ ሊሠራበት የሚችለው እዚህ ነው። ሕጉ የሚፈልገው የሚታይ ድርጊት ነው። ለተጎጂው እርዳታ መስጠት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠት፣ የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስ፣ ወይም በክሱ የተዘረዘረውን ሁሉ ማመን። እንባ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሹፌር እንውሰድ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ይታያል። ጉዳዩ በንዑስ አንቀጽ 2 ሥር ከወደቀ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ አለው። ደንብ ጥሶ ወይም ከአንድ ሰው በላይ ገድሎ በንዑስ አንቀጽ 3 ከተያዘ ጽኑ እስራት ሆኖ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። አሁን ሁለት ሹፌሮች አስቡ። አንዱ መኪናውን ጥሎ ጠፋ፣ ከሳምንት በኋላ ተያዘ። ሌላው ተጎጂውን በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰ፣ ካርድ አወጣ፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት ገዛ፣ ከዚያ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ሁለተኛው እጁ ላይ ማቅለያ አለ። ግን በወረቀት ካልሆነ የለውም። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ «ያመጣው ሰው» ተብሎ ስሙ ተጽፏል? የመድኃኒቱ ደረሰኝ አለ? ፖሊስ ጣቢያ በራሱ መምጣቱ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል? ይህን የሚሰበስብ ሰው የሚያስፈልገው በዚያው ሳምንት ነው። ከስምንት ወር በኋላ ደረሰኙም ይጠፋል፣ ተረኛ ነርሷም ሌላ ሆስፒታል ገብታለች።

ካሳው፣ ሽማግሌው፣ እርቁ

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ወይም ሲጎዳ ከጠበቃ በፊት ሽማግሌ ይንቀሳቀሳል። ደም ማድረቅ የሚባለው ልማድ ባለበት አካባቢ ይህ ለቤተሰቦቹ ደህንነትም የግድ ነው። ሕጉስ ምን ይላል? በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ቀላል ወንጀል ከሆነ እርቁ ፋይሉን ሊያዘጋው ይችላል። ከባድ ከሆነ አያዘጋውም፤ መንግሥት ይከስሳል። ብዙ ሰው «ታርቀናል እኮ! ለምን ይታሰራል?» ብሎ የሚበሳጨው ይህን ሳያውቅ ነው። እርቁ ግን ከንቱ አልሆነም። ካሳው ጉዳትን እንደ መካስ ይቆጠራል፣ ስለዚህ የቅጣት ማቅለያ ይሆናል።

ሰነዱ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ፣ የተጎጂው ወይም የወራሾቹ ፊርማ፣ የተከፈለው ብር መጠንና ቀን ይኑርበት። ከተቻለ ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ስሊፑ ራሱ ይናገራል። ያልተከፈለ ቀሪ ካለ «ቀሪውን በዚህ ቀን» ተብሎ ይጻፍ። «በፍቅር ተስማምተናል» የሚል ግማሽ ገጽ ብዙም አይረዳም። ተጎጂው ችሎት ቀርቦ መካሱን ቢናገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተጎጂውን አስፈራርቶ ማስፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ችሎት ፊት ሲወጣም ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ተጎጂው አልታረቅም ካለ መብቱ ነው። ያኔ ገንዘቡን ለመክፈል መሞከራችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ።

ማመን ወይስ መከራከር?

«እመን፣ ይቀልልሃል» የሚል ምክር በየማረፊያ ቤቱ ነፃ ነው። እውነት አለበት፤ የክሱን ዝርዝር ሁሉ ማመን አንቀጽ 82 ላይ በስም የተጠቀሰ ማቅለያ ነው። ግን ሁለት ነገር ይታወቅ።

አንደኛ፣ በግማሽ ማመን ብሎ ነገር የለም። ተከሳሹ «መታሁት፣ ግን መጀመሪያ እሱ ነው ዱላ ያነሳው» ካለ ፍርድ ቤቱ እንደ ክህደት ይመዘግበዋል፤ ራሴን ተከላከልኩ ማለቱ ነውና። ምስክር ይሰማል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። «ግን» ያላት እምነት እንደ እምነት አትቆጠርም። ተበዳዩ ተንኩሶኛል የሚለው ነገር እውነት ከሆነና ራስን መከላከል ደረጃ ላይ የማይደርስ ከሆነ ቦታው የቅጣት አስተያየት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አምኖ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። የሚቀረው ቅጣቱ በዛ ወይም ሕጉን አልተከተለም ማለት ብቻ ነው። ያላደረገውን ነገር ለአንድ እርከን ብሎ ማመን ስለዚህ ውድ ሽያጭ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ማንም ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር የእምነት ክህደት ቃሉን እንዲሰጥ አልመክርም። የመክፈል አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት ይላል፤ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ ማለት ነው።

ክዶ ተከራክሮ የተሸነፈስ? እሱም ማቅለያ አለው፤ የእምነቱ ሣጥን ብቻ ነው የተዘጋበት። ሪከርድ የሌለበት መሆኑ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱ፣ ሕመሙ እንዳለ ነው። ይግባኝ የሚያስብ ከሆነ ጠበቆች «የይግባኝ መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ንጹሕ ነኝ እያሉ ቅጣት ይቅለልልኝ ማለት ይቻላል። የማይቻለው የተዘጋውን ክርክር እንደገና መክፈት ነው። ዳኛው ከደቂቃዎች በፊት ያመነውን ምስክር «ውሸታም ነው» እያላችሁ ብትደግሙለት ለማቅለያው የቀረችዋን ጊዜ ትበላላችሁ።

ያልተዘረዘረው፦ አንቀጽ 86

ሕጉ ሁሉን አልዘረዘረም። አንቀጽ 86 ፍርድ ቤቱ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ምክንያት ቢያገኝ፣ ምክንያቱን ገልጾ እንዲቀበለው ይፈቅዳል። የቤተሰብ አስተዳዳሪነት፣ ከባድ ሕመም፣ እርጅና፣ ለአገር የተደረገ አገልግሎት በዚህ በር ይገባሉ። «ይገባሉ» ስል ሁልጊዜ ይገባሉ ማለቴ አይደለም። ዳኛው ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ የሚጽፈውን ነገር ስጡት።

«አምስት ልጆች አሉት» ማለት ይቀላል። የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ እናታቸው በሕይወት ከሌለች የሞት የምስክር ወረቀት፣ ወይም ሥራ መሥራት የማትችል ከሆነ የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሕመምም እንዲሁ። «ስኳር አለበት» ከሚል ቃል ይልቅ ሕመሙን፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የክትትል ቀጠሮውን የሚገልጽ ማኅተም ያለው የሐኪም ወረቀት ይምጣ።

የፀባይ ደብዳቤ ላይም ሰው ይሳሳታል። ከእድር፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አሥር ደብዳቤ ይሰበሰባል፣ አሥሩም «መልካም ፀባይ ያለው፣ ሰው አክባሪ» ይላሉ። ይህ ስለ ማንም ሊጻፍ የሚችል ነው። በገንዘብ ማጉደል ለተከሰሰ ሰው «በእድራችን ለ6 ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኖ በኦዲት አንድም ጉድለት ሳይገኝበት አስረክቧል» የሚል አንድ ደብዳቤ ከአሥሩ ይበልጣል። ጸሐፊው የሚያውቀውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ በምን አጋጣሚ እንዳየው ይጻፍ። ከተጠየቀ ችሎት ቀርቦ የሚናገር ሰው ይሁን። ሐሰተኛ ወረቀት ማሠራት ደግሞ አዲስ ክስ ነው፤ እሱን እንኳ ባታስቡት ይሻላል።

ማክበጃውንም መልሱ

ማቅለያ እየደረደሩ የዐቃቤ ሕግን ማክበጃ ዝም ማለት ጎዶሎ ሥራ ነው። አንቀጽ 84 ክፋት፣ ሥልጣንን አለአግባብ መጠቀም፣ በሌሊት ወይም በመሣሪያ መፈጸም፣ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ ማድረግ፣ አቅመ ደካማን ማጥቃት የመሳሰሉትን ያከብዳል። አንድ መከላከያ አለ፦ የወንጀሉ መሠረት የሆነ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ማክበጃ ሆኖ አይቆጠርም። መሣሪያ መያዙ ራሱ ክሱን ወደ ከባዱ አንቀጽ ካሻገረው፣ ያው መሣሪያ እርከን እንዲጨምር መጠየቅ የለበትም። ዐቃቤ ሕግ ይህን ሲደርብ አይታችሁ ዝም አትበሉ። ሕጉ ማቅለያ ላይም ተመሳሳይ ነው፣ አንዱን ምክንያት ሁለቴ መሸጥ አይቻልም።

ገደብ

ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ «በገደብ ይወጣል ወይ?» ገደብ ማለት ቅጣቱ ሳይፈጸም ለፈተና ጊዜ መቆየቱ ነው። የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሲሆን በዚያ ውስጥ ካጠፋ የድሮውም ቅጣት ይነሳበታል። ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ይመሩታል። ለከባድ ቅጣትና ለደጋጋሚ በሩ ጠባብ ነው ወይም ዝግ ነው።

ገደብ የሚሰጠው ሰውየው ሳይታሰር ይታረማል ተብሎ ሲታመን ነው። ይህን እምነት የሚፈጥሩት ተራ ነገሮች ናቸው፦ ቋሚ አድራሻ፣ «ሥራው ይጠብቀዋል» የሚል የአሠሪ ደብዳቤ፣ የተከፈለ ወይም ሊከፈል የታቀደ ካሳ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ። በዋስ በነበረበት ጊዜ ቀጠሮ አለማጓደሉም ይጠቀስ፤ ብዙ ጠበቃ ይረሳዋል። መጠየቅም ያስፈልጋል። በቅጣት አስተያየቱ መጨረሻ «ቅጣቱ በገደብ እንዲታገድ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ማንም አያስታውስላችሁም። መቀጮ ካለም ገቢውን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዙና ከፋፍሎ እንዲከፍል ጠይቁ።

ተከሳሹ ሲናገር

ብዙ ጊዜ ዳኛው ዞሮ «አንተስ የምትለው አለ?» ይላል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባደረግሁት ተጸጽቻለሁ። ለተጎጂው ቤተሰብ ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ቀሪውንም እከፍላለሁ። ሦስት ልጆችን የማሳድገው እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት ተከስሼ አላውቅም። ቅጣቱን አቅልሎ እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ።» አለቀ። መጸጸቱ ውስጥ «ሰይጣን አሳስቶኝ» ማስገባት አያስፈልግም፤ ዳኛው በቀን ስንቴ እንደሚሰማው አስቡት። መንበርከክና ችሎት ውስጥ ጩኸትም እርከን አያወርድም።

ከችሎቱ ደጅ ደግሞ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ነገር ካለ…» የሚል ደላላ አይጠፋም። ሰውየው ቅጣቱ ከቀለለ እኔ ነኝ ይላል፣ ከከበደ ስልኩን ያጠፋል። ያ ብር ለተጎጂው ቢከፈል ኖሮ ሕጋዊ ማቅለያ ይሆን ነበር።

ውሳኔው ከተነበበ በኋላ

ውሳኔው ሲነበብ ጻፉ፦ ደረጃው ስንት ተባለ፣ መነሻው እርከን የቱ ነው፣ ስንት ማክበጃ ተያዘ፣ ስንት ማቅለያ ተያዘ፣ የትኛውስ ለምን ተጣለ። በእስር የቆየበት ጊዜ ይታሰብለት መባሉንም አረጋግጡ። ካልተባለ እዚያው ጠበቃው ያንሳው።

ስሌቱ ውስጥ ስሕተት ካለ፣ ወይም በማስረጃ የቀረበ ማቅለያ ያለ ምክንያት ከታለፈ፣ በቅጣቱ ላይ ብቻ ይግባኝ ማለት ይቻላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለታችሁን በ15 ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ፤ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የውሳኔው ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ግልባጩ ራሱ ሊዘገይ ስለሚችል የጠየቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ሊል ይችላል፣ ቀለለልን ብላችሁ ሰነዶቹን አትጣሉ።

የካሳ ደረሰኙን በተለይ። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ሲታይ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ከፀባዩ ጋር በተቻለው መጠን ጉዳቱን መካሱንም ይጠይቃል። ያቺ የባንክ ስሊፕ ያኔም ትፈለጋለች።